«የዕድሜ ነው» ስለሚባሉ ሕመሞች፦ የአረጋውያን ሕክምና ተረትና እውነታ

ጉልበት ሲያም፣ ሲያዞር፣ ሽንት ሲያመልጥ፣ የልጅ ልጅ ስም ሲጠፋ በአገራችን ለሁሉም አንድ መልስ አለ። «የዕድሜ ነው» ይባላል። ልጆች ለወላጆቻቸው ይሉታል፤ አረጋውያን ራሳቸውን ያጽናኑበታል፤ ብዙ ጊዜም ነጭ ጋዋን የለበሰው ባለሙያ ያጸድቀዋል። ባለሙያው በክፋት አይለውም። ስለ እናቶችና ሕፃናት፣ ስለ ወባና ስለ ሳንባ ነቀርሳ በስፋት ተምሯል፤ ስለ ሰባና ሰማንያ ዓመት ሰውነት የተማረው ግን ጥቂት ነው።

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ነገሩ የሩቅ ክርክር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ዞኑ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ነበረው። እንጅባራ ላይ አጠቃላይ ሆስፒታል አለ፤ ዳንግላና ቻግኒ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላቸው። ከዚያ ያለፈ ሕክምና የፈለገ ሰው ባሕር ዳር፣ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ይላካል። ከዳንግላ 80፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሰማንያ ዓመት እናት ይህ መንገድ በሰላሙም ጊዜ ከባድ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ ይበልጥ አክብዶታል። ስለዚህ አረጋውያንን በቅርብ የሚያየው ሐኪም ተጨማሪ ሥልጠና ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚህ ትልቅ ጥያቄ ነው። እኔ ያስፈልገዋል ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም ሥልጠናው ምን ዓይነት፣ ለማን፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ለመነጋገር መጀመሪያ መንገዱን የዘጉትን እምነቶች ማንሳት ያስፈልጋል።

«ኢትዮጵያ የወጣት አገር ናት፤ አረጋውያን ስንት ናቸውና?»

በመቶኛ ካየነው እውነት ይመስላል። 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ሰው ከመቶ አምስት ያህል ነው። ነገር ግን ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለበት አገር አምስት በመቶ ማለት ወደ ስድስት ሚሊዮን ሰው ማለት ነው። ቁጥሩም እያደገ ይሄዳል፤ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከሞት ያዳናቸው እናቶችና ሕፃናት ነገ የሚያረጁ ሰዎች ናቸውና። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

«እርጅና ራሱ በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም»

አባቶች «እርጅና ብቻህን ና» ሲሉ እርጅናና በሽታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያውቁ ነበር። እርጅና ብቻውን ሲመጣ ፀጉር ይሸብታል፣ እርምጃ ይዘገያል፣ የሰው ስም ዘግይቶ ትዝ ይላል፣ አቀበት ላይ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ደጋግሞ መውደቅ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ከአልጋ አለመነሳት፣ ከገበያ ሲመለሱ የገዛ ቤት መንገድ መጥፋት ግን ከዚህ ውስጥ አይደሉም። በርናርድ አይዛክስ የተባለው ብሪታንያዊ ሐኪም እነዚህን አራት ነገሮች «የእርጅና ሕክምና ግዙፎች» ብሎ ጠራቸው። ግዙፍ ያላቸው ብዙ ሰው ስለሚያጠቁና ከጀርባቸው ብዙ ምክንያት ስለሚደበቅ ነው፤ ከምክንያቶቹም ብዙዎቹ ሊታከሙ ይችላሉ።

መውደቅን ብቻ እንይ። አንድ አባት ሁለት ጊዜ ወደቁ እንበል። ዓይናቸው ላይ ሞራ ሊኖር ይችላል፤ በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት ሞራ ሲሆን በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል። ወይም ከተቀመጡበት ሲነሱ ግፊታቸው ይወርድ ይሆናል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው በየጤና ጣቢያው ያለው የግፊት መለኪያ ነው። አንዴ ጋደም እንዳሉ፣ ከዚያ ቆመው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይለካል፤ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። መሣሪያ አልጎደለም። የጎደለው አስቁሞ የመለካት ልማድ ነው።

የመርሳት ነገር ከዚህ ይረቃል። «ጃጅተዋል» ተብሎ የሚታለፍ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የመጣ መርሳት አለ፤ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ በድንገት የመጣ መቃዠትም አለ። ሁለተኛው ድንገተኛ ሕመም ነው። አረጋውያን የሳንባ ምች ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሲይዛቸው ትኩሳትም ሳልም ላይኖራቸው ይችላል፤ ምልክቱ ሰው መሳትና መቀባዠር ብቻ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ወደ ጠበል መሮጡ የተለመደ ነው። ጠበሉን የሚነቅፍ የለም፤ ግን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያም ይድረሱ፤ ሳምንት ከታለፈ ሊድን የሚችል ሰው ይሞታልና። ቀስ ብሎ ከመጣው መርሳት ውስጥም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባትና ድብርት ያመጡት አለ፤ እነዚህ ሲታከሙ ይሻሻላሉ።

መርሳትን መመርመር በአዊ ሌላ ፈተና አለው። በዓለም የታወቁት የማስታወስ መመዘኛዎች ጻፍ፣ አንብብ፣ ሰዓት ሳል የሚሉ ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ፣ ከዚያም በላይ በአገውኛ ብቻ የሚግባቡ እናት በእንዲህ ያለ ፈተና ቢወድቁ የወደቀው ፈተናው ነው። በታንዛኒያና በናይጄሪያ ለማይጽፉ አረጋውያን ተብሎ የተዘጋጀ አይዲያ የሚባል አጭር መመዘኛ አለ። የክብሪት እንጨት አሳይቶ ያንኑ ቅርጽ እንዲሠሩ ይጠይቃል፤ የመንደሩ አለቃ ማን እንደሆነ፣ በአንድ ደቂቃ ስንት እንስሳ መጥራት እንደሚችሉ ይጠይቃል። ይህን ወደ አገውኛ መልሶ፣ በአገሬው አረጋውያን ላይ ፈትሾ ለባለሙያው ማስተማር ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሥራ ይመስለኛል።

«ሐኪም ሐኪም ነው፤ ጎልማሳን ያከመ ሽማግሌንም ያክማል»

ከሁሉ የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ እምነት ነው እላለሁ፤ ጉዳቱ በመድኃኒት በኩል ይመጣልና። ዕድሜው በገፋ ሰውነት ውስጥ ውሃ ይቀንሳል፣ የስብ ድርሻ ይጨምራል፣ ኩላሊትም የማጣራት አቅሙን ቀስ በቀስ ያጣል። ለአርባ ዓመት ሰው ልክ የሆነው መጠን ለሰማንያ ዓመት ሰው ሊበዛ ይችላል። ለእንቅልፍ ተብሎ የሚሰጠውን ዲያዜፓም እንውሰድ። የተዋጠው መድኃኒት ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በሃያ ዓመት ወጣት አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል፤ በሰማንያ ዓመት ሰው ግን ጊዜው ወደ አራት እጥፍ ይረዝማል። የትናንቱ ሳይወጣ የዛሬው ይጨመርበታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እማማ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ይወድቃሉ፣ ዳሌያቸው ይሰበራል። ክኒኑን ማንም አያነሳም፤ «አጥንታቸው ሳስቶ ነው፣ ዕድሜ ነው» ይባላል።

ለስኳር በሽታ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው ግሊቤንክላማይድም አለ። ርካሽ ነው፣ ስኳርም ያወርዳል። ነገር ግን በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ የአረጋዊን ስኳር ከልክ በታች ሊጥለው ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ላይ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተስማሚ አይደለም ብሎ አስፍሮታል። አሁን በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ አባትን እናስብ። ማታ የዋጡት ክኒን በማግሥቱ ረፋድም እየሠራ ነው፤ ሆዳቸው ግን ባዶ ነው። ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ንግግራቸው ይወላገዳል። «አባቴ፣ ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ በእኛ አገር ከደም ምርመራው እኩል ይመዘናል። ጠይቆ ደግሞ ጾሙን ይፍቱ ማለት ብቻ መልስ አይሆንም፤ መድኃኒቱን፣ መጠኑንና ሰዓቱን መቀየር የሐኪሙ ሥራ ነው።

ዲክሎፌናክን የማያውቅ የለም። «መርፌ ካልተወጋሁ አይሻለኝም» የሚሉ አረጋውያን ብዙ ናቸው፤ ጉልበታቸው በእርግጥ ያማቸዋልና አልፈርድባቸውም። ነገር ግን እኚሁ ሰው ለግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ከሆነ ሦስቱ ተደርበው ኩላሊትን ሊያደክሙ ይችላሉ። አንዱን መድኃኒት አንዱ ክሊኒክ፣ ሌላውን ሆስፒታል፣ ሦስተኛውን የመድኃኒት ቤት ሻጭ ስለሰጠ ሦስቱን በአንድ ላይ ያየ ሰው የለም። ሌላም ሰንሰለት አለ። አምሎዲፒን የተባለው የግፊት መድኃኒት እግር ያሳብጣል፤ እብጠቱ እንደ አዲስ በሽታ ተቆጥሮ የሚያሸና መድኃኒት ይታዘዛል፤ እሱ ሌሊት ያስነሳል፣ ያዞራል፣ ይጥላል። የመጀመሪያውን ክኒን መጠን መቀነስ ወይም መቀየር ብቻ በበቃ ነበር።

አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ቢርስ ለአረጋውያን ሊታለፉ የሚገባቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ዝርዝሩ እስከ ዛሬ እየታደሰ ይሠራበታል። ጎበዝ ሐኪም መሆን ይህን በራሱ አያስተምርም፤ ተለይቶ መማር አለበት።

«ያለ አረጋውያን ስፔሻሊስት አይሆንም»

የቀድሞውን እምነት የተወ ሰው ብዙ ጊዜ እዚህኛው ላይ ይወድቃል። የአረጋውያን ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በእንግሊዝኛ መጠሪያውን እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣለት በኒውዮርክ ይሠራ የነበረው ኢግናዝ ናሸር ሲሆን፣ በተግባር ያቋቋመችው ግን እንግሊዛዊቷ ማርጆሪ ዋረን ናት። እ.ኤ.አ. በ1935 ለንደን አጠገብ ባለው በዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ከ700 በላይ ተስፋ የተቆረጠባቸው፣ አልጋ ላይ የተተው ሰዎች ተሰጧት። አንድ በአንድ መረመረቻቸው፣ በየሕመማቸው ለየቻቸው፣ ከአልጋ እንዲነሱ አደረገች፤ ብዙዎቹም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የረቀቀ መሣሪያ በእጇ አልነበረም።

ዛሬ ሀብታም አገሮች እንኳ ለሁሉም አረጋዊ ስፔሻሊስት አላዳረሱም። ካናዳ ለቤተሰብ ሐኪሞቿ ከ6 እስከ 12 ወር ተጨማሪ ሥልጠና ትሰጣለች፤ አሜሪካ አንድ ዓመት ታስተምራለች፤ ብሪታንያ የዲፕሎማ ፈተና አላት። በኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ራሱ ገና ልጅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሦስት ዓመቱን ትምህርት የጀመረው በ2005 ዓ.ም. ሲሆን የቶሮንቶና የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲዎች አግዘውታል። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች የወጡት በ2008 ዓ.ም. ነው። ቁጥራቸው ዛሬም ከአገሪቱ ስፋት ጋር አይመጣጠንም።

ታዲያ የባንጃን፣ የፋግታ ለኮማን፣ የአንከሻን አረጋዊ ማን ያያል? ጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ ጠቅላላ ሐኪሙ ናቸው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ተከፍቶ ጤና መኮንኖችን ማስመረቅ ከጀመረ ወዲህ የገጠሩ ሰው የቤተሰብ ሐኪም በተግባር ጤና መኮንኑ ነው። ተጨማሪ ሥልጠና ስንል ለዶክተሮች ብቻ ካሰብነው አብዛኛውን አረጋዊ ትተነዋል ማለት ነው።

በሳምንታት ሥልጠና ምን እንደሚሠራ ደግሞ ይህ ክልል በገዛ ታሪኩ አይቷል። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የዓይን ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ እየበቀለ ብሌናቸውን ሲወጋቸው በወረንጦ ሲነቅሉ የኖሩ እናቶችን የዓይን ስፔሻሊስት እስኪመጣ እንጠብቅ ቢባል ኖሮ ስንቱ በታወረ ነበር። ቀዶ ሕክምናውን የጤና ጣቢያ ነርሶች ተምረው ሠሩት። ለአረጋውያን አጠቃላይ እንክብካቤ ይህ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

የሥልጠናውን ይዘት ከባዶ መፍጠር አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጀመሪያ ደረጃ ጤና ተቋማት ብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ስድስት ነገሮችን እንዲያዩ ይነግራቸዋል፤ እንቅስቃሴ፣ አመጋገብ፣ ማየት፣ መስማት፣ ማስታወስና ስሜት። ሦስት ቃል ነግሮ ቆይቶ መጠየቅ፤ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር አምስት ጊዜ በ14 ሰከንድ ውስጥ መነሳት መቻላቸውን ማየት፤ በሦስት ወር ውስጥ ሳያስቡት ከ3 ኪሎ በላይ ከስተው እንደሆነ መጠየቅ፤ ከኋላ ሆኖ በሹክሹክታ መናገር። ይህ ሁሉ ጥቂት ደቂቃዎች ይፈልጋል እንጂ ላቦራቶሪ አይፈልግም።

የሰውን አቅም የሚለኩት የውጭ ጥያቄዎች ግን እንዳሉ መወሰድ የለባቸውም። ስልክ ይደውላሉ? የባንክ ሒሳብዎን ራስዎ ይይዛሉ? የሚል ጥያቄ ለአዊ ገበሬ ብዙ አይነግርም። እዚህ የሚጠየቀው እንጀራ ራስዎ ይጋግራሉ፣ ገበያ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም መቼ ተዉ፣ የሚለው ነው። በሰባት ቤት አገው ምድር ደግሞ «ፈረስ መጋለብ መቼ አቆሙ? ለምን?» ማለት ይቻላል። በዚያ ያለው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 አዛውንቶችም ፈረሳቸውን ሸልመው ይወጣሉ። አምና ጋልበው ዘንድሮ የቀሩ አባት ጉልበታቸው፣ ዓይናቸው፣ ሚዛናቸው ወይም ልባቸው አንድ ነገር ሆኗል። ጥያቄው ሕመማቸውንም ክብራቸውንም አብሮ ይነካል።

ለሴቶች ሌላ ጥያቄ አለ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጭስ ማድቤት የኖሩ እናቶች ሲያስላቸውና ሲያፍናቸው «ብርድ ነው» ወይም «አስም ነው» ይባላሉ፤ የማገዶና የከሰል ጭስ ያመጣው የሳንባ ጉዳት መሆኑን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የማህፀን መውጣትንም በኀፍረት ለዓመታት ደብቀው የሚኖሩ አሉ። ወንድ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ስለ እሳቸው እየመለሰ ይህን አይናገሩም። ልጁን በትሕትና ውጭ አስጠብቆ፣ አንቱ ብሎ፣ በሚገባቸው ቋንቋ ከራሳቸው አንደበት መስማት የሚማሩት ሙያ ነው።

«ልጅ ያለው አረጋዊ ምን ይጎድለዋል?»

ልጆች ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጃዊ፣ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። የቀረችው አንዲት ልጅ ወይም ምራት ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። ማንም አላስተማራትም፤ ወገቧ ሲጎብጥ፣ እንቅልፍ ስታጣ ማንም አይጠይቃትም። የሠለጠነ ባለሙያ በሽተኛውን ሲያይ እሷንም ያያል፤ አልጋ ላይ የዋለን ሰው በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥ ቁስል እንደሚከላከል ያሳያታል።

«ሥልጠና ከተሰጠ ነገሩ አለቀ»

ሥልጠናን የምንደግፍ ሰዎች ራሳችን የምንወድቅበት እምነት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ትልቅ የጥናቶች ግምገማ በዘጠኝ አገሮች የተደረጉ 29 ሙከራዎችን፣ ከ13 ሺህ በላይ አረጋውያንን አይቷል። ሆስፒታል ሲገቡ ዙሪያ መለስ ምርመራ የተደረገላቸው አረጋውያን ከወራት በኋላ በሕይወትና በቤታቸው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ነገር ግን ያን ያስገኘው አንድ የሠለጠነ ሰው አልነበረም። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፊዚዮቴራፒስትና ማኅበራዊ ሠራተኛ አንድ ላይ ሆነው፣ በሀብታም ሆስፒታል ውስጥ የሠሩት ነው።

በዳንግላ ነርሷ ተምራ ግሊቤንክላማይድን መቀየር ብትፈልግ መደርደሪያው ላይ ሌላ መድኃኒት መኖር አለበት። የሞራ በሽተኛ ብትለይ የሚላክበት፣ የሚመለስበት ብር መኖር አለበት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. ሲሞከር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ከዳንግላ የሚዋሰነው ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ዛሬ በብዙ ወረዳ ተስፋፍቷል። ነገር ግን መድኑ ካርድና ምርመራ ሲሸፍን መድኃኒቱ ከጤና ተቋሙ ከጠፋ አረጋዊው ከኪሱ ይገዛል፣ ወይም ይተወዋል። ከሁሉም በላይ ጊዜ ያስፈልጋል። በወረፋ መካከል አምስት ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው የፈለገውን ቢማር «የዕድሜ ነው» ከማለት አይድንም። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ለአረጋውያን ብቻ ቢለይ፣ ለዚያም አንድ ጤና መኮንንና አንዲት ነርስ ሁለትና ሦስት ሳምንት ቢሠለጥኑ፣ በየመንፈቁም አንድ ልምድ ያለው ሐኪም መጥቶ ሥራቸውን ቢያይላቸው ከዞኑ ጤና መምሪያ አቅም በላይ አይመስለኝም።

ሥልጠናው እስኪመጣ ቤተሰብ ነገ ጠዋት ሊያደርገው የሚችል አንድ ነገር አለ። አባትዎን ወይም እናትዎን ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዱ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የሐኪሙን፣ ከመድኃኒት ቤት በቃል የተገዛውን፣ ከጎረቤት የተዋሱትን፣ የባህሉንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይዘው ይሂዱና ጠረጴዛው ላይ ያፍስሱት። «ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ቢቆም ይሻላል?» ብለው ይጠይቁ። በገዛ ራስዎ ግን ምንም አያቋርጡ።